ድንኳን የጣልንለት አጥንት

ይህ ነገር ያጋጠመኝ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ካዛንቺስ የነበረው ሰፈራችን ገና ሳይበተን ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ልቅሶ ደርሻለሁ። ይሄን ሳላስታውስ ድንኳን ውስጥ የተቀመጥኩበት ቀን ግን የለም። ልሳቅ ብል ያሳፍረኛል፤ ልዘን ብል ሳቄ ይመጣል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» እያለ ያየኛል። በቃ እንዳለ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ግርማ እባላለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። በሰፈር ደግሞ የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ነገር በወረቀት ካልሆነ አይጥመኝም፤ ጭቅጭቅም አልጠላም። ባለቤቴ «አንተ የራስህን ቀብር ቃለ ጉባዔ ሳትይዝ አትሞትም» ትለኛለች።

የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ አሥራ አንድ፣ አስከሬኑ ያልተገኘ፣ ማንነቱም በሦስት ምስክር ያልተረጋገጠ ሰው ጥሩምባ አይነፋለትም፣ ድንኳንም አይጣልለትም ይላል። ይህ አንቀጽ እንዲያው ደንቡን ለማሳመር የገባ አይደለም። በእትዬ አስካለ ምክንያት የገባ ነው።

እትዬ አስካለ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ብረት ድስቱ፣ ሳህኑ፣ አግዳሚው፣ ጀበናው ሁሉ በእሳቸው ቁልፍ ሥር ነው። ጥሩምባ ከተነፋ ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ናቸው፤ መጨረሻ የሚወጡትም እሳቸው። ቁጡ ናቸው። አንድ ጭልፋ ከጎደለ ለቀስተኛውን በር ላይ አቁመው ይፈትሻሉ። እኔ ራሴ አንዴ ተፈትሻለሁ።

ባላቸው ደምሴ ግንበኛ ነበር። አጭር፣ ደንዳና፣ ግራ እግሩን ትንሽ ጎተት የሚያደርግ ሰው። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሽ ደምሴ ማለት ይገባኝ ነበር። ለምን እንደማልል አሁን ትረዱኛላችሁ። ይህ ነገር ሲያጋጥመኝ ከጠፋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ «ስሚንቶ አይቼ ልምጣ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።

ሰፈሩ ሌላ ሴት ይዞ ሄደ እያለ አንሾካሾከ። እትዬ አስካለ ግን ይህን የሚል ሰው ፊታቸው እንዲቆም አይፈልጉም። ለእሳቸው ደምሴ ሞቷል፣ አለቀ። በዚያው ቅዳሜ ግቢያቸው ውስጥ የነበረው አሮጌ የሽንት ቤት ጉድጓድ በአፈር እየተደፈነ ነበር። ደምሴ ከስሚንቶው ሲመለስ ጉድጓዱን ላየው ብሎ ጎንበስ ሲል ወደቀ፣ ሠራተኞቹም ሳያዩት አፈር ደፉበት ነው የሚሉት።

በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ ይነሡና ለባሌ ልቅሶ ይቀመጥለት ይላሉ። በየዓመቱ እኔ ቆሜ አንቀጽ አሥራ አንድን አነባለሁ። እሳቸው ይቀመጣሉ። ከዚያ ሳህን ሊቆጥሩ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ደምሴ አለመሞቱን እኔ አውቅ ነበር።

አጥንቱ ከመገኘቱ ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ለሥልጠና ወደ ሐዋሳ ስንሄድ ሞጆ ላይ ለምሳ ቆምን። ከምግብ ቤቱ ጎን አጥር የሚገነባ ሰው አለ። አጭር፣ ደንዳና፣ ግራ እግሩን ጎተት የሚያደርግ። ከመወጣጫው ላይ የግንብ መለኪያ ቱንቢውን እንዳንጠለጠለ አየኝ፤ እኔም አየሁት። ወፍሯል። ወረደና እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ሚስት አግብቶ ልጆች መውለዱን ነገረኝ፤ ከዚያ በእናቴ ስም ለምኖ «አላየኸኝም» አለኝ። ጥብስ አዘዘልኝ። በላሁ። ምን ይደረግ፣ በላሁ። ከበላሁ በኋላ ምን አፍ አለኝ?

ከዚያን ቀን ጀምሮ «ጋሽ» የሚለውን ከስሙ ላይ አንሥቻለሁ። ለእትዬ አስካለ መናገሩን ግን አልደፈርኩም። በየዓመቱ አንቀጼን እያነበብኩ ዝም አልኩ።

አሁን ወደ አጥንቱ ልምጣ። ከእትዬ አስካለ ግቢ ጎን አንድ ሰው ፎቅ ጀምሮ ነበር። ቦታው ስለጠበበ የወንዝ አሸዋውን የእሳቸውን አጥር አስደግፎ ከምሮታል። አንድ ዓርብ ጠዋት የቀን ሠራተኞች ለፍሳሽ ቱቦ በእሳቸው ግቢ በኩል ቦይ ሲቆፍሩ፣ ልክ አሮጌው ጉድጓድ የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አጥሩ ተነቀነቀና ተናደ። አሸዋው እንዳለ ቦዩ ውስጥ ተደፋ። ያን አሸዋ መልሰው ሲዝቁ አንዱ አካፋ ኳ አለ። አጥንት ወጣ።

አንድ ስንዝር ተኩል ይሆናል። ሁለቱም ጫፉ የለም። ቡናማ ነው፣ ወፍራም ነው፣ የእግር አጥንት ይመስላል፣ መሀሉ ላይ ስንጥቅ አለው። ጤነኛ ሰው ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ከጉድጓዱ ነው ወይስ ከአሸዋው የወጣው ብሎ ነው። ማንም አልጠየቀም። እኔም አልጠየቅኩም።

እትዬ አስካለ ከጓዳ ወጥተው አዩት። አልጮኹም፣ ደረት አልመቱም። ነጠላቸውን አወለቁና ጠቀለሉት። ከዚያ ጸሐፊውን ጥሩልኝ አሉ። ከቢሮ ፈቃድ ጠይቄ እየሮጥኩ ስደርስ፣ አጥንቱን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል።

«ግርማ፣ አንቀጽ አሥራ አንድ ምን ይላል?» አሉኝ።

ክው አልኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው፤ አሁን እሳቸው አስነበቡኝ። አነበብኩ። ሲያዳምጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

የእድሩ ሊቀመንበር ሻምበል ወርቁ ወዲያው ደረሱ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሰፈሩን ግን ዛሬም እንደ ጦር ካምፕ ነው የሚያዩት። ፖሊስ ይጠራ አልኩ፣ ተጠራ። የመጣው ልጅ አጥንቱን ከሩቅ አየና የሰው ይሁን የከብት ከጤና ባለሙያ ወረቀት አጽፉ፣ ሰኞ ከአለቃዬ ጋር እመጣለሁ ብሎ ሄደ።

ሰፈር ውስጥ ወዳለች ትንሽ ክሊኒክ ወሰድነው። ነርሷ አገላበጠችው፣ አሸተተችው፣ ግራ ገባት። ባዶ እጃችንን መመለሱ ግን አላስቻላትም መሰለኝ፣ ወረቀት ጻፈችልን። «የቀረበው ነገር አጥንት መሆኑን እናረጋግጣለን» ይላል። ሻምበል ሁለቴ አነበቡትና ማኅተም አለው ብለው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው እትዬ አስካለ ቤት ተሰበሰበ። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ አጥንት አስከሬን ይባላል ወይ የሚል ነበር። አንዱ አባል፣ ለሙሉ ሰው ሦስት ቀን የምንቀመጥ ከሆነ ለአንድ እግር ግማሽ ቀን ይበቃል አለ። እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩት። «ሐሳቤን ስቤያለሁ» አለ። ሌላው፣ አንድ እግሩ እዚህ ካለ የቀረው አካሉ የት ሄደ ብሎ ጠየቀ። ሻምበል እኛ የምንወስነው በቀረበው ማስረጃ ነው ብለው ዘጉት። ይህን ሁሉ ቃለ ጉባዔ ላይ አስፍሬዋለሁ፤ አሁንም እጄ ላይ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ አጥንቱ የማን ነው የሚለው ነበር። ሻምበል እግሩን የሚያውቅ ሰው ይጠራ አሉ። የደምሴን እግር የሚያውቅ ደግሞ አንድ ሰው ነው፤ ወጌሻው አባባ ሸምሱ። ደምሴ ከመወጣጫ ላይ ወድቆ እግሩ ሲሰበር አሽተው፣ አስረው፣ ያቆሙት እሳቸው ናቸው። ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። በታክሲ አስመጣናቸው።

አባባ ሸምሱ ከሰማንያ አልፈዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። ውሃ አስመጥተው እጃቸውን ታጠቡ። ቢስሚላህ ብለው አጥንቱን ጭናቸው ላይ አስተኙትና ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት። አውራ ጣታቸው ስንጥቁ ላይ ሲደርስ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«ይሄ የኔ የእጅ ሥራ ነው» አሉ።

ሴቶቹ እሪ አሉ። እኔ ብቻ ዝም ማለት አቃተኝና ይሄ አጥንት እኮ እንደ ድንጋይ ይከብዳል አልኩ። ሻምበል ተቆጡኝ። «ግንበኛ ነበር እኮ!» አሉኝ። ሰዉ ሁሉ ልክ ናቸው እያለ ራሱን ነቀነቀ።

ወይ ጣጣ። ራሴን መጠየቅ ጀመርኩ። ሞጆ ላይ ያየሁት ሰውዬ በሁለት እግሩ ቆሞ ነበር። ግን ቆጥሬዋለሁ? ያየሁት እሱን ነው ወይስ ወንድሙን? ወንድም እንደሌለው አውቃለሁ። ይህ ሁሉ ሰው፣ ይህ ሁሉ ማኅተም ሲሰበሰብ የገዛ ዓይንን ማመን ያስቸግራል፤ ያልደረሰበት አያውቀውም።

ሦስት ምስክር መፈረም አለበት። ሻምበል ፈረሙ። አባባ ሸምሱ የጣት አሻራ አደረጉ። ሦስተኛው ሲፈለግ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እትዬ አስካለም ዞሩ። ፊታቸውን ሳይ ደንገጥ አልኩ፤ ደስ ብሏቸዋል። ባሏ ሞተ ተብላ እንዲህ ፊቷ የበራ ሴት አይቼ አላውቅም። ፈረምኩ።

ከሰዓት በኋላ ጥሩምባ ተነፋ። ጥሩምባ ነፊያችን በየቅያሱ እየዞረ አቶ ደምሴ ማረፋቸውን ሲለፍፍ፣ ሰው በር በሩ ላይ ወጥቶ «መቼ መጣና ሞተ?» ይባባላል። ድንኳኑ ተጣለ። የእትዬ አስካለ ንስሐ አባት ቀብሩ ከፖሊስ ወረቀት በኋላ ይሁን ስላሉ አጥንቱ ድንኳኑ ውስጥ ማደር ሊኖርበት ሆነ።

ለዚያ የሚሆን ሳጥን የለንም። ሻምበል ቤታቸው ሄደው የቦት ጫማቸውን ካርቶን ይዘው መጡ። ልኩ ሆነ። ከጎኑ ላይ ግን አርባ ሦስት ቁጥር ተጽፎበታል። እትዬ አስካለ አዩትና «የደምሴ ቁጥር አርባ ነው» አሉ። ቁጥሩን በጥቁር ፕላስተር ሸፈንነው። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ካርቶኑ ውስጥ ገብቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ከደምሴ የወጣትነት ፎቶ አጠገብ ተቀመጠ።

እሑድ ሰው ጎረፈ። ከጎተራ፣ ከለገሃር፣ ከሰፈሩ ወጥተው የቆዩ ሰዎች ሳይቀሩ መጡ። በዚህ እድር እትዬ አስካለ ሳህን ያላቀረቡለት ቤት የለም። አልቃሿ መጀመሪያ ግራ ገብቷት ነበር፤ ያለው አንድ እግር ስለሆነ ስለ አረማመዱ ብቻ ሙሾ ስታወርድ ዋለች። እትዬ አስካለ ጥቁር ለብሰው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ሁለት ጊዜ ማንኪያ ሲወድቅ ሰምተው ሊቆጡ ተነሡ፤ ሴቶቹ ትከሻቸውን ይዘው ዛሬስ አርፈው ይቀመጡ አሏቸው።

ምሳ ሰዓት ላይ የሻምበል የእህት ልጅ ዮናታን መጣ። ሻምበል ስለ እሱ ሲያወሩ ይህን ሁሉ ተምሮ አፈር ሲቧጥጥ የሚውል ነው የሚሉት። ሥራው ከመሬት የሚወጡ የጥንት አጥንቶችን አጽድቶ የምን እንደሆኑ መለየት ነው። ሻምበል ግን ይህን ለሰው አይናገሩም፣ ያፍራሉ። ልጁ አጎቴ የእድር ሊቀመንበር ነው፣ ልድረስ ብሎ የመጣ ጨዋ ልጅ ነው። አጠገቤ ተቀመጠና ቀስ ብሎ ካርቶኑ ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። ከጉድጓዱ፣ ከአጥሩ፣ ከአሸዋው ጀምሬ ነገርኩት። አሸዋ የሚለውን ሲሰማ ቀና አለ። «ጋሼ ግርማ፣ ሶሪ፣ ማለቴ፣ ማየት ይቻላል?» አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ዘለለ። እኔ ያልቻልኩትን ሌላ ሰው ሊያወጣልኝ ነው ብዬ ነው። ሂድና ተሰናበተው አልኩት።

ዮናታን ወደ ጠረጴዛው ሄደ። እጅ ነሥቶ ካርቶኑን ከፈተ። ሰዉ ዘመድ ነው ብሎ ተወው። አጥንቱን አወጣና በመዳፉ መዘነው። በሻይ ማንኪያ ጫፍ መታ መታ አደረገው፤ እንደ ሸክላ ሲኒ ጮኸ። የተሰበረውን ጫፍ ወደ ብርሃን አዙሮ አየ። ከዚያ ምላሱን አውጥቶ ላሰው።

ወገኖቼ፣ ድንኳኑን ብታዩት ኖሮ። አልቃሿ አፏን እንደከፈተች ቀረች። አንዲት አሮጊት ብርጭቆ ለቀቁ። ሻምበል ብድግ ብለው ቆሙ። ይባስ ብሎ አጥንቱ ምላሱ ላይ ተጣበቀ። ልጁ የሟችን እግር ከምላሱ ላይ ሲያላቅቅ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ወዲያው የሠራውን ሲያውቅ ፊቱ ቀላ። ይቅርታ እየጠየቀ፣ ልማድ ሆኖበት መሆኑን፣ ሥራ ቦታ ሁሉም እንደዚያ እንደሚያደርግ አስረዳ። አጥንት ብዙ ዘመን መሬት ውስጥ ቆይቶ ወደ ድንጋይነት ሲቀየር እርጥበት ይስባል፣ ስለዚህ ምላስ ላይ ይጣበቃል። የቅርብ ጊዜ አጥንት እንደዚያ አይዝም። ክብደቱም፣ ድምፁም ከዚያው የመጣ ነው። ይህ በሃያ ሁለት ዓመት አይሆንም፤ በሃያ ሁለት ሺህም ያጠራጥራል አለ።

ከዚያ ወደ አጥሩ ሄዶ ከአሸዋው ክምር አንድ እፍኝ ዘገነ። አጥንቱ ውስጥ ደርቆ ከቀረው አሸዋ ጋር አስተያየው፤ አንድ ነው። የፎቁን ፎርማን አሸዋው ከየት እንደሚመጣ ጠየቀው፤ ከአዋሽ ዳር አለ። ዮናታን ራሱን ነቀነቀ። እዚያ አካባቢ የጥንት አውሬ አጥንት ብርቅ አይደለም፣ ይሄ በገልባጭ መኪና የመጣ ነው እንጂ ከጉድጓዱ የወጣ አይደለም አለ።

«የምን አውሬ?» አሉ ሻምበል።

ዮናታን የአጥንቱን ቅርጽና የዙሪያውን ውፍረት እያሳየ፣ የሰው አይደለም፣ እንደሚመስለኝ ገና ያላደገ ጉማሬ ነው፣ እርግጠኛ ለመሆን ከሌሎች ጋር ማስተያየት አለብኝ አለ።

ሻምበል ቁጭ አሉ። አባባ ሸምሱ ግን ተነሡ። በዕድሜዬ ጉማሬ አሽቼ አላውቅም፣ ታዲያ ስብራቱ የማን ነው ብለው ተቆጡ። ዮናታን አጠገባቸው በርከክ አለና ጣታቸውን ይዞ ስንጥቁ ላይ አስቀመጠው። አፈር ተጭኖት የተሰነጠቀ መሆኑን፣ አሸዋ ገብቶበት መድረቁን በእርጋታ ነገራቸው። እሱ በዓይን ያየውን ስንጥቅ እሳቸው በጣት ማግኘታቸውንም ጨመረ። ሽማግሌው ስንጥቁን እንደገና ዳሰሱና ጉማሬም ቢሆን መታሸት ነበረበት አሉ።

ያኔ ነው ሁሉም ወደ እኔ የዞረው። ለቤተሰብ የሚነግር ጸሐፊው ነው። እንዲህ ያለ መርዶ ደግሞ እንዴት ተብሎ ይነገራል? ባልሽ አልሞተም ተብሎ ይታዘናል? ደግሞ እትዬ አስካለ አራት እርምጃ ራቅ ብለው ነው የተቀመጡት። ሁሉንም ሰምተዋል።

ሄጄ ፊታቸው ተንበረከክሁ። ዘጠኝ ዓመት ያፈንኩትን ላወጣው ወሰንኩ። «እትዬ አስካለ፣ ደምሴን እኮ እኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ሞጆ ነው» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ካንተ በፊት አውቄያለሁ። ሄጄ አይቼዋለሁ። ልጆቹንም አይቻቸዋለሁ።»

ታዲያ ለምን አልኳቸው። በየዓመቱ እየተነሡ፣ በሰው ፊት እያፈሩ፣ ለምን?

«ሃያ ሁለት ዓመት በሰው ልቅሶ ሳህን ሳቀርብ ኖርኩ» አሉ። «ባሏ የሞተባት እንደሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ከጎኗ ያድራል፣ ያጎርሳታል፣ አይዞሽ ይላታል። ባሏ ጥሏት የሄደባትስ? እኔ በዚያ ቅዳሜ ብቻዬን ነው የቀረሁ። በሬን አንኳኩቶ እግዜር ያጽናሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም። የሚያንሾካሹክ ብቻ። አጥንቱን ሳይ፣ የማንም ይሁን የማን፣ እስቲ አንድ ቀን ይቀመጡልኝ አልኩ።»

እኔ ሰው ፊት የማለቅስ ሰው አይደለሁም። አለቀስኩ።

ሻምበል እንደ ወታደር ቀጥ ብለው መጡና ድንኳኑ ይነሣ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሰዉም ግማሹ ተነሥቷል፣ ግማሹ ጫማውን ይፈልጋል፤ ለጉማሬ ተቀምጠናል ብሎ ሳቁን በነጠላ የሚያፍንም ነበር። ያን ሲያዩ እትዬ አስካለ እጄን ተደግፈው ተነሡ። በጠቅላላ ጉባዔ ላይ እንደሚነሡት ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ደምሴ አልሞተም» አሉ። «ጥሎኝ ነው የሄደ።»

ይህን ቃል በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከአፋቸው ሰምቶ የሚያውቅ የለም። ሳቁ ቆመ። ብርጭቆ የለቀቁት አሮጊት ናቸው መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት። ቀስ ብለው መጡ፣ አቀፏቸው፣ እኔን እኔን እያሉ ያለቅሱ ጀመር። ከዚያ ሁለተኛዋ መጣች፣ ሦስተኛዋ መጣች። የተነሣው ተመልሶ ተቀመጠ። ጠዋት ሙሉ የተለቀሰው ልቅሶ የወግ ነበር፤ ይሄኛው የእውነት ነበር። ሻምበል ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዞሩና ለረጅም ጊዜ እዚያው ቆዩ።

ድንኳኑ አልተነሣም። ሦስት ቀን ሙሉ ተቀመጥን። ሰኞ ፖሊሱ ከአለቃው ጋር ሲመጣ፣ ሟች የሌለበት ልቅሶ ላይ ስንት ሰው እንደተቀመጠ አይቶ ሟቹ ማን ነው አለ። የለም አልነው። አስከሬኑስ? እሱም የለም። አለቃው ኮፍያውን አውልቆ እግዚአብሔር ያጽናዎት አላቸውና ምሳ በልተው ሄዱ።

አጥንቱን ዮናታን በሕጋዊ ወረቀት ተረክቦ ወሰደው። የርክክቡን ቅጽ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከወር በኋላ ደውሎ ከሌሎች ጋር አስተያይቶት ጉማሬ መሆኑን፣ የኋላ ግራ እግር መሆኑን ነገረኝ። ለአባባ ሸምሱ ደውዬ ቢያንስ ግራነቱን እንዳልሳቱ አበሠርኳቸው። እሱንስ ድሮም አውቄዋለሁ አሉኝ።

ዛሬ ይህን ሳስብ ለጉማሬ መፈረሜ ብዙም አያሳፍረኝም። ማንም ሊሳሳት ይችላል። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። እያወቅሁ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሳልፍ፣ አንድ ቀን ገባ ብዬ እንዴት ነዎት አላልኩም። ሐሜቱንም ሰምቻለሁ፣ ሰውዬውንም አይቻለሁ፣ ደንቡንም አንብቤያለሁ። መግባቱ ብቻ ነው የቀረኝ።

እትዬ አስካለ አሁን ጎተራ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እሄዳለሁ። ደግሞ ምን ፈልገህ መጣህ እያሉ ይቆጡኛል። ወንበር ስቤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።